ከጣሪያዬ በላይ

እሱ አራተኛ ላይ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ኖርን፣ በኮቴ ስንተዋወቅ።
ሲያስነጥስ እሰማለሁ፣ በሩን ሲዘጋ፣
የቱ እግሩ እንደሚቀድም ሲወርድ ከአልጋ።

ባለፈው መስከረም ልቡን ከፍተው ሰፉት፤
«በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» አሉት።
የዉጅ ክረምት ግን ከሰል ከሰል ይላል፣
ጭሱ አስፋልቱ ላይ እንደ ውሻ ተኝቷል፤
ልጁ ኪንጋ ከዋርሶ፣ ያገለገለ ገዝታ
መሮጫ ማሽን ላከች፣ አንድ ዓርብ ማታ።
ሁለት ጎረምሶች ደረጃውን እየረገሙ
አወጡት፣ በየፎቁ እየቆሙ።

ከዚያ ጀመረ፦

ድውው — ድው። ድውው — ድው። አራት ደቂቃ፤
ከዚያ አንድ የብረት ሲቃ፤
ከዚያ ጭጭ።
ከዚያ ጉልበቱ ወለሉን ሲነካ፣ ከዚያ ካቻቢቴ፣
ከዚያ በጣሪያው ስንጥቅ የሚንጠባጠብ ስድብ፣ እስከ ቤቴ።
ቁምሳጥን ውስጥ የሻይ ብርጭቆዎቼ
እርስ በርስ ያንሾካሽካሉ፣ ሐሜት እንደያዙ።

ቅዳሜ ፊውዝ ቀየረ፣ የደረጃው መብራት ጠፋ፤
እሑድ ሞተሩን ከፍቶ አቧራውን ነፋ፤
ሰኞ ካርቦኖቹን ለወጠ፤ ያው ነው።
ማክሰኞ ያችን ቀይ ቁልፍ፣ ባለ ማግኔቷን፣
ሰክቶ እየነቀለ ሲለማመጥ ዋለ፣
እንዳኮረፈች ሰው «እባክሽ» እያለ።

ረቡዕ መጥረጊያ አንሥቼ ጣሪያውን ደበደብኩ።
በንዴት ነው፤ አልዋሽም።
ለሁለተኛው ምት ክንዴ እንደተነሣ ቀረ፤ አዳመጥኩ።
ይህን ሲቃ የት ነው የማውቀው?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሸማኔ ነበርኩ፣ የጨርቅ ፋብሪካ፣
መቶ አርባ መሸመኛ ባንድ አዳራሽ ሲንኳኳ፤
የታመመውን ማሽን የምንለየው በጆሮ፣
ዓይን እስኪደርስማ ክሩ ይወጣል ተቋጥሮ።
(ዛሬ እዚያ አዳራሽ የሩጫ ጫማ ይሸጣሉ፤
ገብቼ አላውቅም፤ ጸጥታው ጆሮዬን ያመኛል።)
ኩሽኔታ ሲበላ ጥርሱን ያፋጫል፤
የላላ ቺንጊያ ያፏጫል፤
ይሄኛው ግን የጠማው ነው።

ሐሙስ ከማዕዘኑ ሱቅ የሲሊኮን ዘይት ገዛሁ፣
የስፌት መኪናዬ ዘይት ላስቲክ ያሳብጣል፤
ወጥቼም አንኳኳሁ።
ሮሙዋልድ በካልሲ፣ እጁ ላይ ፒንሳ፣
«ስለ ጩኸቱ ከሆነ፣ ወይዘሮ ሃልሽካ...» ብሎ ይቅርታ ሊያነሣ —
«ስለ ጩኸቱ ነው» አልኩት፤ «ዞር በል።»

ሶኬቱን ነቅዬ ከቀበቶው ሥር እጄን ሰደድኩ፤
እንደ ትኩሳታም ምላስ ደርቋል።
በቀጭኑ አፈሰስንለት፣ ከጠርዝ እስከ መሐል።
ከኋላ ያለውን ቡሎን በብሩጎላ
ሩብ ዙር፤ ጠብቅ፤ ሌላ ሩብ።
ሰው ሁሉን የሚያበላሸው ሙሉ ዙር ሲያዞር ነው።

አራት ደቂቃ አለፈ። ሰባት። ዐሥራ አንድ።
ሲቃው የለም።
ግን ቀበቶው ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሸሻል፤
እሱም ብሩጎላውን ሊያነሣ ጎንበስ ይላል።
«ተወው» አልኩት። «ውረድ።»

ባዶውን ሲዞር እንደ ድር ቀጥ አለ፤
እሱ ሲወጣበት መልሶ አዘነበለ።

«ማሽኑ ደኅና ነው፤ ያዘነበልከው አንተ ነህ።
ከቀኝ እግርህ ደም ሥር መዝዘው ለልብህ ቀጠሉት፤
ያን እግር መርገጥ እስከ ዛሬ ትሳሳለታለህ።»

ዝም አለ። ሱሪውን ገለጥ አድርጎ ስፌቱን አየው፣
ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት።
የለማጅ እጅ ነው፤ እኔ ብሆን እተረትረው ነበር።
ይህን ግን አልነገርኩትም።
ለዚህ የሚጠብቅ ቡሎንም አልነበረኝም።

አሁን ማታ ማታ ከታች ሆኜ እቆጥራለሁ፤
ቀኙ ሲያንስብኝ
በመጥረጊያው እንጨት አንዴ፣ ቀስ ብዬ፣ ኳ!
እሱም ያስተካክላል።
አንዳንዴ።
የሻይ ብርጭቆዎቼን ግን
ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርጃቸዋለሁ።