ትርፍ

ደሴ ረዳት ሳለሁ፣ በአሥራ ሁለት ወንበር
ሃያ ሰው ስጠቀጥቅ፣ ማን ቆጥሮኝ ነበር?
«ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው አይከብድም፤
መንገደኛ ጥሎ መሄድ እኔ አልወድም!»
ትራፊክ ከታየ ትርፍ ሰው ጎንበስ ይላል፣
ጉልበት ከጉልበት ጋር ቦታ ይካፈላል።

ዛሬ ሻርጃ ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ እነዳለሁ።
ገና ሳይነጋ፣ ወበቁ መስታወቱን በውጭ ሲያልበው፣
በጨርቅ እጠርጋለሁ።
አርባ አምስት መቀመጫ፣ አርባ አምስት ቀበቶ፤
አንድ ሰው አይጫንም ቁጥሩን አዛብቶ።

ልጄ ሩቅያ እዚሁ ተወልዳ፣
ከትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ሳትለምዳ፣
ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት አመጣች።
ሕክምና ብላ ሞላች።
መዝጋቢው ደግ ሰው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠን፤
ሳይቆጣ፣ በጣቱ ሰንጠረዡን አሳየን፦
«ለውጭ ዜጋ ያለው ዘጠኝ ወንበር ነው።
እሷ አሥረኛ ናት።»

«ጠጋ ጠጋ በሉ» ምላሴ ላይ መጣ፤
ግን በአረብኛ ቃሉን ከየት ላምጣ?
ሃያ አንድ ዓመት ስኖር
አንድም ቀን አልፈለግሁት።

የአገሬ ሰው «ምን ተረፈህ?» ሲለኝ
«ትርፌ እሷ ናት» ነበር መልሴ።
እዚያ ቢሮ ያንኑ ቃል ሰማሁት፣
ሆዱ ተገልብጦ፦
ትርፍ ናት።

ማታ ባዶውን አውቶቡስ ስመልስ አብራኝ ገባች።
አርባ አምስቱም ወንበር ክፍት።
«ተቀመጪ» አልኳት።
ብረቱን ጨብጣ
እስከ ጋራዡ በር ድረስ ቆማ ሄደች።
ደንቡን አላነሳሁባትም።