የሁለት ሰዓት ስህተት

ኮምፒውተሩ አንድ ነበር፤ ታርቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
መስኮቱን በረዶ ሲያለብሰው ሳንጠይቅ፤
ሳጥኑ አንድ ሆኖ ዲስኮቹ ሁለት፣
ቀኑ ለእኔ ሥራ፣ ለኡርማስ ሌሊት።
የእኔው ላይ ሊኑክስ፣ የእሱ ላይ ዊንዶውስ፣
ማስቲካ የሚያካክሉ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ነፍስ።

ጠባችን በሰዓት ነበር። ዊንዶውስ የአገሩን
ሰዓት ጽፎ ያድራል፤ ሊኑክስ ግን ያንኑን
የግሪኒች ነው ብሎ ሁለት ይጨምራል፤
ማለዳ ስከፍተው ቀኑ ተጋምሷል!
ኮቴን በአንድ እጅጌ ስንት ቀን ሮጫለሁ፣
ድልድዩ ላይ ደርሼ ስንቴ ረግሜዋለሁ።
«ኡርማስ፣ ሰዓቴን መልስ!»
«ያንቺው ነው የሚዋሽ፤ ልክ ነው የኔስ!»

በየካቲት ፓርኑ ሥራ አገኘና
ሻንጣ ከመዝጋቱ ሳጥኑን ፈታና
አንዲት ብሎን ነቅሎ ዲስኩን አወጣ፣
በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ (ሱፍ እሳት ያመጣል
ብዬ እየጮህኩበት)
«የቀረው ያንቺ ነው» ብሎኝ በሩን ወጣ።

ማታ ቁልፉን ተጫንኩ። ጥቁር። ከጥቁሩ ላይ
ነጭ መስመር ብቻ፦
«የሚነሣበት ዲስክ የለም።»

የለም? አራት ዓመት ከረግረግ የለቀምኩት፣
በአጉሊ መነጽር ቅጠሉን የቆጠርኩት፣
የድንጋይ ሽበቴ! ደርቆ ዓመት ቢከርም
ጠብታ ከነካው አረንጓዴው አይቀርም፤
ስለ እሱ የጻፍኩት ግን ጠብታ አያውቅም።

ባዮስ ውስጥ ገባሁ። አለ! ስሙ ከነመጠኑ።
አልሞተም። የሚቀሰቅሰው አጥቶ ነው መተኛቱ።
ማረፊያ ቀየርኩለት። ምንም። ሴኪዩር ቡቱን
አጠፋሁ፣ አበራሁ። ምንም። ከሌሊቱ
ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ወይም እንዲያ መሰለኝ፤
በዚያ ቤት ሰዓት ማመን ትቼው ቆይቻለሁ።

በማግስቱ ማይሙ መጣች፣ የታችኛው ፎቅ፣
ጡረታ የወጣች፣ ስትስቅም የማትሳሳቅ፤
ፍላሽ ሰካችና፣ ከፍላሹ አስነሥታ፣
ዲስኬን በረበረች መነጽሯን አንሥታ።
«ቤትሽማ ደህና ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም።
በሩ ግን እዚህ የለም።
ሊኑክስ ስትጭኚ ‹ቀጥል፣ ቀጥል› ብለሽ
በሩን ወንድምሽ ዲስክ ላይ አሠርተሽ፣
አራት ዓመት ሙሉ በእሱ ደጃፍ ገባሽ።»

ደወልኩለት። «ኡርማስ፣ ዲስክህ መጀመሪያ ላይ
ትንሽ ክፍል አለች፣ ውስጧ አንድ ፎልደር…»
ዝም አለ። «እሱን ነው? ትናንት አጠፋሁት።
የማን እንደ ሆነ አላወቅሁም።»

ማይሙ ቁጭ ብላ ከዲስኬ ጫፍ ላይ
ጥቂት መሬት ቆርጣ አዲስ በር ከፈተች።
«‹አንደኛ›፣ ‹ሁለተኛ› ብለሽ አትጥሪያቸው፤
ማረፊያ ሲለወጥ ይዛባል ተራቸው።
ሲወለዱ የወጣ ረጅም ቁጥር አላቸው፤
ያ ነው ስማቸው።»

ተነሣ!
ግን መንገድ ላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ ተኩል።
ነጥቡ ይመላለሳል፣ ይፈልጋል፣ ያሰላል፤
የኡርማስን ዲስክ ነበር የሚጠብቅ፣
አንድ ጊዜ ያኔ ፎቶ ልቀዳ ብዬ
የጻፍኳት መስመር ነች፤ መሄዱን አታውቅ።

«ላጥፋት?» አለች ማይሙ፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ።
«ተያት» አልኳት፣ «ተያት፤
ለሻይ ውሃዬን እጥድባታለሁ።»

አሁን ሰዓቱ ልክ ነው።
ማለዳ ልክ ነው፣ ማታም፣ እሑድም ልክ ነው፤
የሚነካው የለም።
ኮቴን በሁለት እጅጌ አጥልቄ እወጣለሁ፣
ድልድዩን በእርምጃ፣ ቀስ ብዬ አልፋለሁ፤
ላቦራቶሪው ሳይከፈት ደርሼ
ደጁ ላይ እቆማለሁ።