መቀነት

ጋውኔን ከሰቀልሁ አምስት ዓመት አልፎኛል፤
«እጅዎን» ሲሉኝ ግን እግሬ ይቀድመኛል።
ኮዬ ፈጬ፣ መብራት የለም፣ ምሽት ሦስት ሰዓት፣
ኡሞድ በሬን መታ፦ «ሲስተር፣ ይዩልኝ፣ እባክዎት።»
«ማን ናት? ስንት ወሯ ነው?»
ዝም።
ሁለት ፎቅ ወጥተን «መቀነት ናት» አለኝ፤
ጉልበቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለብኝ።

መቀነትን የማያውቅ ብሎካችን ውስጥ ማን አለ?
ልጁ ሁሉ በመስኮት ስር «ዘንዶ! ዘንዶ!» እያለ።
ስሟን ያወጡላት ሴቶቹ ናቸው፣ ርዝመቷን አይተው፣
ወገብ አስራ ትተርፋለች ብለው።
አቶ ሽፈራው፣ የኮሚቴው፣ ሦስት ደብዳቤ ጽፈውባታል።
ዳቦ ቤት ሲዘጋ በርካሽ የተገዛ
መስታወት ሳጥን ውስጥ፣ እንደ ገመድ ተጠምዝዛ፣
የአምፖል ፀሐይ እየሞቀች ትኖራለች፤
ደብዳቤ ማንበብ የት ታውቃለች!

«ጥንቸል ባቀርብላት ፊቷን አዞረች፤
ስድስት ሳምንት ሆናት፤ ዶሮም አልነካች።
አንዱ ትል ነው ይላል፣ አንዱ ጨጓራ ነው፤
የታችኛዋ ጎረቤት ‹ጾም ይዛ ይሆናል› ብላ ሳቀች፤
እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው።»

የስልኩን መብራት ያዘልኝ።
በጀርባዋ ተንጋላለች፣ ነጭ ሆዷ ወደ ላይ፣
አምፖሉ በጠፋበት ሙቀት የምትቃርም ትመስላለች ከሰማይ።
«እንዲህ ነው የምትተኛው?»
«ከጥቅምት ወዲህ፣ አዎ። ድሮ አታውቀውም።»
«ቆዳዋን መቼ ጣለች?»
ከፍራሹ ስር አወጣው፣ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልሎት፣
ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፎበት።
ሠላሳ ዓመት «የወር አበባሽ መቼ ቀረ?» ያለ አፌ ነው የጠየቀ፤
ያው ጥያቄ ነው፤ ቆዳው ብቻ ወለቀ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ ፈራሁ።
እባብ ነክቼ አላውቅም። እጄን አሻሸሁ፣ አሞቅሁ፤
ለነፍሰ ጡር ቀዝቃዛ እጅ ነውር ነው።
ሦስት ጣቴን ዘረጋሁ። ኡሞድ አንገቷን ይዞ ለቀቅ አደረጋት፤
እንደ ወፍራም ውኃ ፈሰሰች ጣቴ ላይ፣
በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ክብደት።
መጀመሪያ ጡንቻ፣ ቀጥሎ የጎድን አጥንት፤
ወገቧ ላይ ስብ ነው፣ ጣት ሲጫነው ይሰምጣል፤
የበላችው ቢሆን አንድ እብጠት በሆነ፤
ከወገቧ ዝቅ ሲል ግን፣ ወደ ጅራቷ ሲቀርብ፣
አንድ፣
ሁለት፣
እንደ መቁጠሪያ ፍሬ፣ ጎን ለጎን፣ ጠጠር ያለ፣
እየመጣ ጣቴን ነካ፣ እየሄደም «አለሁ» አለ።
አሥራ ሰባት ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ።

«አለ» አልሁት።
ወለሉ ላይ ተቀመጠ።
«ከጋምቤላ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። ወንድ አይታ አታውቅም።
ከማን ነው ታዲያ?»

ስንት እናት፣ ስንት አማት፣ የማዋለጃው በር ላይ ቆማ
ይህን ጠይቃኛለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ነጠላዋን ነክሳ!
ያኔም አልመለስሁም።
እጅ «አለ»ን ያውቃል፤ «ከማን»ን አያውቅም።
ዘር ይኑረው፣ ባዶ ይሁን፣ እሱንም አያውቅም።
እኔንም አንድ ሰሞን አንዲት አዋላጅ ዳብሳ
«አለ» ብላኝ ነበር።
አልነበረም።
ስም እንኳ አውጥቼ ነበር።

«እርጥብ ጭድ በሳፋ አድርግላት» አልሁት። «አትንካት፤ አታንሳት፤
መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ በጄሪካን፣ በጆንያ ጠቅልለህ፣ አስጠጋላት።
ስትወልድ ራሷ ትጠመጠምበታለች፤ ያኔ ካንተ አምፖል እሷ ትሻላለች።»
ቀኑን ቆጥሬ መስታወቱ ላይ ጻፍሁ፣ እንደ ክትትል ካርድ፦
ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ምናልባት።

ስወርድ አቶ ሽፈራው፣ ሻማ ይዘው፣ ደረጃው ላይ፦
«ምን አገኙ ሲስተር? ነዋሪው ማወቅ አለበት።»
«የታካሚ ምሥጢር ነው» አልኋቸው፤ አለፍሁ።
ውኃም ሄዷል። እጄን ሳልታጠብ ተኛሁ፤
ሌሊቱን ሙሉ ጣቶቼ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣
ከአሥራ ስምንት ጀምረው
ሲቆጥሩ አደሩ።