ደሞዝ የሌላት ወር

ልጆቹ ሲተኙ፣ ሳህኑ ሲታጠብ፣
ደብተሯን ዘርግታ «ና» አለች፣ «እንተሳሰብ።»
ባለ ሃምሳ ሉክ ነው፣ ረድኤት አምና የተወችው፤
ከፊቱ የሦስተኛ ክፍል ሂሳብ፣ መምህሯ በቀይ ያረመችው፤
ከጀርባው የእኛ ነው፤ አራሚ የለውም፣
ስሕተቱ ሠላሳ ቀን ሳይሞላ አይታይም።

ቤት ኪራይ ከላይ ነው። ሁልጊዜም ከላይ።
(አከራያችንም ከላያችን ናቸው፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ።
ጋሽ ወርቅአገኘሁ ሲራመዱ ማታ፣ ጣሪያችን ሲያወራ፣
ቀና ትልና «ሰማህ?» ትለኛለች፣
«ሊጨምሩ ነው መሰል፣ እርምጃቸው ኮራ።»)

ቀጥሎ ጤፍ ነው። ግማሽ ኩንታል ነበር፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሆነ፣
ከሰኔ ወዲህ ደግሞ አሥራ አምስት ላይ መነመነ፤
ልጆቹ ሲረዝሙ ጆንያው እያጠረ፣
የናሆም ጫማ አፉን ከፍቶ ጣቱ ተቆጠረ።

ዘይት፣ የመብራት ካርድ፣ ዕድር፣ የውሃ ክፍያ፤
ዕቁብ፦ ዕጣው ሲወጣ ሁሌም የጎረቤት፣ የኛ ከዚያ ወዲያ።

ከሁሉም በታች፣ ፊደሉ አንሶ፣
«ልዩ ልዩ» ይላል፣ አራት መቶ ሃምሳ ተለጥፎበት።

የኔ ውሎ ሜክሲኮ፣ የመንግሥትን ሚሊዮን ሳወራርድ ነው፤
«ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ሳይ፣ «ደረሰኙስ?» የምለው።
እዚህ ግን ዝም አልኩ።
አውቀዋለሁና፦ ማኪያቶ ነው፣ ላለማፈር ብዬ የጋበዝኩት፣
«በእግሬ መጣሁ» እያልኩ እስከ ልደታ በታክሲ የገባሁት።
እሷም ታውቀዋለች።
ጣቷን ከመስመሩ ሥር ጥቂት አቆየች፤
ደረሰኝ ሳትጠይቅ አለፈች።

«ነሐሴ አለቀ» አለች። «ጳጉሜንስ የት እናግባት?»
አምስት ቀን ብቻ ናት፣ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ደሞዝ ግን የላት።
መሥሪያ ቤት ረስቷታል፣ ባንክም አያውቃት፤
ሆድ ግን «ጳጉሜ ነው» ቢሉት መች ሊታገሣት!
ምዝገባው በእሷ ነው፣ ዩኒፎርሙ በእሷ ነው፣
የእንቁጣጣሹ ዶሮ ሳይገዛ የሚጮኸው በእሷ ነው።

እስክሪብቶውን ነጠቅኳት። ከዘይቱ ቀነስኩ፤ ወደ ደብተር ወሰድኩ፤
ከደብተሩ ቆንጥሬ ወደ ጫማው መለስኩ፤
ደመርኩት፣ ያው ነው።
ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ገንዘብ ማመላለስ
መንገደኛ ያበዛል እንጂ፣ ቤት አያደርስ።

«ፍሬሰላም» አልኳት፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ
አንድም ወር አልሞላን።»
ሆዷን በመዳፏ ደግፋ፣ ከወንበሩ በስንት ጣር ተስተካክላ፣
«የኔ ግን ሞልቷል» አለችኝ። «ዛሬ ባልቻ ሄጄ ነበር፤
ቆጥረው የነገሩኝ ጳጉሜ ሦስት ነው።»

ከሁሉም ወር መርጦ!
አሥራ ሁለት ባለ ደሞዝ ወር በሩን ከፍቶ ሲጠብቀው፣
ይህ ልጅ የመጣው በጓሮ፣ ደሞዝ በሌላት በኩል ነው።

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ከላይ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ይንጎራደዳሉ።
«ገንፎው» አልኩ፣ «ቅቤው፣ ዳይፐሩ፣ ለጠያቂው ሻይ…»
እሷ አዲስ ገጽ ገልጣ መስመር አሰመረች፣ ከሁሉ በላይ፣
ከቤት ኪራዩም በላይ።
ስም አልጻፈችበት፤ ቁጥር አልጻፈችበት።
«ይሄ» አለች «መጥቶ ራሱ ይሙላው።» ደብተሩን ዘጋች።

«ነገ ግን» አለች ስትነሳ፣ ጀርባዋን ይዛ፣
«ከሜክሲኮ በእግርህ ና። የእውነቱን።»

መብራቱን አጠፋን፤ ካርዱ ላይ የቀረው አሥራ አንድ ብር ነው።
በጨለማው እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው።
አንድ እርግጫ። ቆየት ብሎ፣ ሁለት።
ቆጠርኩ፤
አንዴ እንኳ ሳልሳሳት።