ከጉልበት

ማክሰኞ ረፋዱን፣ በሦስተኛው ፎቅ፣
አንሶላ ላስገባ ፍራሽ ስፈለቅቅ፣
ከወገቤ ግርጌ አንድ ነገር ቀጭ አለ፣
ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ቀና ማለት የለ።

ማሪቤል ሮጣ መጥታ ጋሪዬን አስያዘችኝ፣
"ኢንሹራንሱ ስምንት ቀን ይከፍላል፤ ሂጂ!" አለችኝ።

ባንፍ ነው፣ ከዳቦ ቤት በላይ፣ ጠባብ ደረጃ ያለው፤
ወገቡን ለታመመ ሰው ደረጃ ማን ሠራው?
በሩ ላይ "ካይሮፕራክተር" ይላል በነጭ ቀለም፤
እኔ ወጌሻ ብዬዋለሁ፤ ሌላ ስም የለኝም።

ወጌሻ በቅቤ ያሻል፤ ይህኛው ቅቤም የለው፣
ራጄን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ በጣቱ ቆጠረው፣
አጥንቴን አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች፤
"አምስተኛዋ" አለ፣ "ይህቺ አኩርፋለች።"

አልጋው ለፊት ቀዳዳ አለው። በደረቴ ተኛሁ፣
በዚያ ቀዳዳ ቁልቁል ጫማውን ብቻ አየሁ፤
ቡናማ ነው። የግራው ክር ተፈቷል።
ልንገረው? አፌ ወረቀት ላይ ተጣብቋል።

"ቲሪንጎ፣" አለኝ፣ "ተንፍሺ፣ አትፍሪ።"
(ትርንጎ ነኝ። ግን አከርካሪሽን ከያዘ ሰው ጋር በስም አትከራከሪ።)

ቋ!

የተሰማ መሰለኝ እታች ዳቦ ቤቱ ድረስ፤
ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም፣ ብቻ ወረቀቱ ሲርስ፣
"አመመሽ?" አለኝ። አላመመኝም።
ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጀርባዬን ሰው ነክቶት አያውቅም፤
ይህን አልነገርኩትም።

ዓርብ ቀለል አለኝ፤ እሑድ ተመለሰ፤
ያኮረፈስ በአንድ ሽምግልና መቼ ተመለሰ?

በስድስተኛው ቀን እጁን ታጠበና "ተነሺ" አለኝ፣
ባዶ ካርቶን መሬት አስቀምጦ "እስቲ አንሺ" አለኝ።
ጎንበስ አልኩ። "ኧረ! ከወገብሽ አይሁን፤
ከጉልበትሽ ይሁን!"

እኔ መጎንበስ የለመድኩት ለሰላምታ ነው፤
ለቄስ፣ ለአማት፣ ለአላፊ አግዳሚ፣ ሁሉም ከወገብ ነው።
"ጎንበስ ቢሉ ዕቃ ለማንሳት" ይላል ተረቱም፤
ከየት በኩል እንደሚታጠፉ ግን አልጨመረበትም።

ሊያሳየኝ ራሱ ወረደ። ሲነሳ ወገቡን ያዘ።
አየሁት። አየኝ። ሣቀ፣ ማር ሲልስ እንደተያዘ።

ሐሙስ፣ ክፍል ሦስት መቶ አሥራ ሰባት፤
ሁለቱን ጉልበቴን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣
አንሶላውን ከፍራሹ ሥር ስገፋ፣ ግንባሬን አልጋው ላይ ጥዬ፣
በሩ ተከፈተ። እንግዳው ነው፣ መነጽሩን ረስቶ፤
ቆመ። ቆቡን አወለቀ። አንገቱን ደፍቶ፣
በእግሩ ጣት ወደ ኋላው ወጣ።

ጸሎት ላይ ያለሁ መስሎት!

"ጌታዬ፣ አንሶላ ነው" ልለው ነበር። ዝም አልኩ።
ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሳል እንኳ አፍኖ ይጠብቃል።
እኔን ብሎ ሰው መቼ ቆሞ ጠብቆ ያውቃል?

አንሶላው ከገባ ቆየ። እኔ ግን አልተነሳሁም።
ያቺ አምስተኛዋ፣ ኩርፊያ ወዳዷ፣ ትንፍሽ አላለችም።
ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም አላልኩም።

አሥራ አንድ አልጋ ይቀረኛል፤ ትራሱም ልብሱ ውስጥ አልገባ፤
ተነሳሁ፣ ከጉልበቴ።
"አሜን" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሰውዬው እንዲገባ።