የማጠፊያ ዘይት

አርባ ዓመት ቲኬት ቆርጫለሁ፣ ሞንቴቪዴዮ ከተማ፣
ባትሪ ይዤ ወንበር ሳሳይ፣ ሰው ስመራ በጨለማ።
ውሃው ባሕር ይሁን ወንዝ፣ ዛሬም አልለየም ለኛ፤
ነፋሱ ግን ጨው አለበት፣ የብረት ነው ቀበኛ።

ሃያሲው ኤውሴቢዮ፣ ሁልጊዜ ሦስተኛ ረድፍ፣
ኮፍያው ከጭኑ ላይ፣ እርሳሱ እንደ መርፌ ጫፍ።
ጋዜጣው ሐሙስ ሲወጣ፣ ዳይሬክተር ጾሙን ይውላል፤
እሱ ቡና ቤት ሲገባ፣ ተዋናይ ሳይከፍል ይወጣል።
አንዱ ፕሮዲዩሰር ማታ፣ በዱላ ራሱን ቢለው፣
«ከፊልምህ ሁሉ ይልቅ የገባኝ ይህኛው ነው» አለው።

ኔሊዳ ሳራሶላ ግን ዱላም የላት፣ ገና ልጅ፤
የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ፣ ከደጅ
ተሰልፋ ነው የገባችው፣ የገዛ ልጇን ለማየት፤
ፊልሙ ላይ ያለው ቀሚስም የእናትየዋ ነው ስፌት።
ሐሙስ ጋዜጣው ታተመ። አንዲት መስመር ነበረች፣
ከመቶ መስመር መካከል፣ እንደ እሾህ ተሰክታ የቀረች፦

«ሳራሶላ ከፍታ ስትገባ፣ ከሷ በሩ ይተውናል፤
እሷ እንደ ሳንቃ ስትቆም፣ እሱ ቢያንስ ሲጢጥ ይላል።»

ከተማው ሳቀ። ልጆች ሳይቀሩ፣ አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር
«ሲጢጥ!» ይሏታል ከኋላዋ፣ አንገቷን እስክትሰብር።
«በሩ እኮ ድምፅ የለውም!» ብላ ነበር፣ ላንድ ለሁለት፤
የተተቸ ተዋናይን ቃል ማን ይቀበላል እንደ እውነት?
ከዚያ ሠላሳ ዓመት፣ ብዙ ፊልም፣ ሽልማት፣ ጡረታ፣ ሽበት።
ቁራጯ ጋዜጣ ግን ከቦርሳዋ አልወጣችም፤
ታጥፋ ታጥፋ ሳስታለች፣ ገና አልተበጠሰችም።

እሱም ታወረ፤ በስኳር። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፤
«ስክሪኑ ባይታየኝም፣ አዳራሹ ይሸተኛል» ይላል።
የሚታየውን የሚነግረው የእህቱ ልጅ ነበር፣ ሰነፍ፤
አንድ ማክሰኞ ልጁ ቀረ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲገርፍ።
የዚያን ምሽት ፊልሙ የእሷ፤ ያ የበሩ፣ ያ የድሮ።
ከኋላ ቆማ ነበረች፣ ሻሽ ጠምጥማ እስከ ጆሮ፤
«እኔ እነግረዋለሁ» አለችኝ። ስሟንም አልተናገረች፤
ጨለማውን አቋርጣ፣ ካጠገቡ ተቀመጠች።

ካንድ ረድፍ በኋላ ሆኜ፣ ባትሪዬን አጥፍቼ ሰማሁ፤
የሷን ሹክሹክታ፣ የሱን ሳል። ትንፋሼን ዋጥሁ።
«ጎዳና ነው፤ ማለዳ ነው፤ ወተት ሻጩ ጋሪ ይስባል፤
አንዲት ልጅ ደረጃ ትወጣለች፣ ጫማዋ አንድ ቁጥር ይሰፋል።»
«ጥሩ ታያለሽ» አለ ሽማግሌው፤ «ጫማ ማን ልብ ይላል?»
ጫማው የእናቷ ነበር። ይህ ለማን ይነገራል?

ከዚያ በሩ። ተከፈተ። ወገግታ፣ ቀሚስ፣ አንድ እጅ።
ድምፅ የለም፤ እንኳን ሲጢጥታ፣ ዝንብም አልበረረ ከደጅ።
አንገቱን ወደ ፊት ሰገገ፤ ጆሮውን እንደ ወጥመድ ጣለ፤
«በሩ ተከፍቷል? ሲጢጥታው የታል? ማን ሰረቀው?» አለ።

እዚህ ላይ እኔ ልናዘዝ። ያ ሲጢጥታ የፊልሙ አይደለም፤
የኔው የአዳራሽ በር ነው። ዘይት ነክቶት አያውቅም።
ሰው አርፍዶ ሲገባ ጮኸ፣ ልክ እሷ በር ስትከፍት፤
ጋዜጣውን ያነበብኩ ዕለት፣ ቀባሁት ግማሽ ጠርሙስ ዘይት።
ለማንም ትንፍሽ አላልኩ። ልጅ ነበረኝ፣ የቤት ኪራይ፤
ደግሞስ የበረኛ ቃል ከሃያሲ ፊት ምን ሊታይ?

እሷ መልስ አልሰጠችም። ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች።
ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ከንፈሯን አሹላ፣
«ሲ—ጢ—ጥ» አለች።

ቀስ ብላ፤ አርዝማ፤ ዝገቱ ሳይቀር፣ እንጨቱ ሳይቀር፤
ሠላሳ ዓመት የተለማመደችው ይመስል ነበር።

ሽማግሌው ቆይቶ ሳቀ። ምርኩዙ ወደቀ፤ አላነሳም።
«ግሩም በር ነው» አለ። «ልጅቷስ?»
«ቆማለች።»
«እንዴት?»
«እንደ ሳንቃ።»

ከዚያ በኋላ አልሳቀም።
እጁ እጇን ፍለጋ ሄደ፤ ያገኘው የወንበሩን እንጨት ነው።

መብራት ሳበራ ቦታዋ ባዶ። ስትወጣ በሩ አልተሰማም።
ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ እቀባለሁ። ዘይቱ ተወዷል፤ ግድ የለም።