የጨው ደብተር

የየካቲት ሌሊት፣ በረዶና ንፋስ፣
የግዲኒያ መብራት ከኋላ እስኪያንስ
«ቡርሽቲን» ሄደች፣ መረብ ሳትሸከም፤
ዓሣ አይደል ፍለጋዋ፣ ጭነትም የላትም።
የአገር ገንዘብ ነው ያሠራት፣ ያቆማት፣
አንድ ጥያቄ ነው ደጋግሞ የሚልካት፦
ታች ያለው ውሃ ዛሬስ ይተነፍሳል?
ወይስ እንዳምናው እንደታፈነ አድሯል?

ባልቲክ አልጫ ባሕር ነው፣ ጨው የጎደለው ወጥ፤
ከላይ ወንዝ ይወርዳል፣ ከታች የለም ለውጥ።
ከምዕራብ ማዕበል ጠባቡን በር ገፍቶ
ከባዱን ጨዋማ ካልሰደደ ከቶ፣
ጥልቁ ትንፋሽ አጥቶ፣ ጭቃው ላይ ተኝቶ
የገማ እንቁላል ይሸታል ሰንብቶ።

ዶብሮስዋቫ ታውቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት
እዚያው ነጥብ ላይ፣ በዚያው ጥልቀት
አሥራ ሁለት ጠርሙስ በብረት ቀለበት
አውርዳ፣ አውጥታ፣ ቧንቧውን ስትከፍተው
በአፍንጫዋ ነበር ሞቱን የምታውቀው።

«ዘንድሮም ያው ነው» ኢግናትሲ ጀመረ፣
ተማሪው፣ ጓንቱ ውስጥ እየተነፈሰ፤
«ለምን ይለካል፣ ታውቆ ላደረ?»

አልመለሰችም። ቧንቧውን ከፈተች።
ጎንበስ አለች።
አሸተተች።
ደግማ አሸተተች።

ምንም።
ቀዝቃዛ ብረት፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣
የገማ የለም።

ጉንፋን ይዞኝ ይሆን ብላ ጠረጠረች፤
«ና እስቲ፣ አንተ አሽትት» አለች።
«ውሃ ውሃ ይላል» አለ ልጁ።

ሦስቴ ለካች። ሦስቴም ያው ቁጥር መጣ፤
ዐሥራ ሦስት ከነጥብ አራት፣
ካምናው በሁለት የወጣ።

እልል አላለችም። በእርሳስ ጻፈች፣
ቀለምን ባሕር ያጥበዋልና፤
ሰዓቱን፣ ጥልቀቱን፣ የነፋሱን ፊት፣
«ሽታ፦ የለም» ብላ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓምዱ
«አለ፣ አለ፣ አለ» ሲል በኖረበት።

ለካስ አንድ ማዕበል፣ ማንም ሳያየው፣
ከዴንማርክ ወዲህ አምና የሰደደው፣
በወለሉ እየዳኸ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ፣
አሞሌ እንደጫነ ሲራራ ነጋዴ
ሲጓዝ ከርሞ ኖሯል ያን ሁሉ መንገድ።

«ዳነ ማለት ነው?»
«ለጊዜው» አለችው። «ዓመት ሁለት ዓመት
ያቺን ትንፋሽ በልቶ ይጨርሳል።»
ደብተሩን ዘጋች። ሽቦው ተጠቀለለ።

ጎህ ሲቀድ ወጥ ቤቱ ቁርስ አቀረበ፤
ቅቅል እንቁላል።
ልጁ ሳቀ።

እሷ ግን ቅርፊቱን ቀስ ብላ ላጠች፣
ከነጩ ዕቃ ጨው በሁለት ጣት ቆነጠረች፣
ወደ አምፖሉ አቅርባ ትንሽ አየችው፤
ከዚያ ግማሹን
ወደ ዕቃው መለሰችው።